ቡስኮፓን በድሬ ሙቀት

የድሬዳዋው የቀፊራ ገበያ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይና ሰው እኩል ይበዙበታል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ቅመም የደረደሩትን ሴቶች አልፎ ወደ ዳር የወጣ ሰው መድኃኒት ቤት ለማግኘት ብዙ አይደክምም። እዚያ ባንኮኒ ላይ ከሚሰሙት ጥያቄዎች አንዱ «አቦ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ቡስኮፓን ስጠኝ» የሚለው ነው። «ያቅለሸልሸኛልም» የሚል ይከተለዋል። ባለሙያው ፋታ ካገኘ ሁለት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሰው ከተደራረበበት ደግሞ ብሩን ተቀብሎ ፍሬዎቹን ቆርጦ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ባለሙያው ፋታ ቢኖረው ሊጠይቅ የሚገባውን፣ ገዢውም ሳይጠየቅ ሊናገር የሚገባውን ነገር ቀስ ብሎ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ቡስኮፓን መጥፎ መድኃኒት አይደለም። በቦታው ሲውል ጉዳታቸው አነስተኛ ከሆኑት የሆድ መድኃኒቶች ይመደባል። ነገር ግን ድሬዳዋ ውስጥ ሲዋጥ፣ ደጋ ላይ ሲዋጥ እምብዛም የማይታሰቡ ጉዳዮች አብረውት ይመጣሉ፤ ሙቀቱ፣ የጫት በርጫው፣ ትንኝ የሚያመጣው ትኩሳት።

በመጀመሪያ ቁርጠት ምን እንደሆነ እንይ። የአንጀት ግድግዳ ጡንቻ ነው። እንደ ክንድ ጡንቻ በእኛ ትእዛዝ አይሠራም፤ በራሱ ጊዜ እየተኮማተረና እየላላ ምግቡን ወደ ታች ይገፋል። ጤነኞች ስንሆን ይህ ሁሉ አይሰማንም። በተበከለ ምግብ፣ በተሕዋስ፣ በጋዝ፣ በሆድ ድርቀት ወይም በጭንቀት ሲቆጣ ግን አንዱ ክፍል ታጥቦ እንደሚጠመዘዝ ልብስ አጥብቆ ይጨመቃል። ስለዚህ ቁርጠት ይዞ የሚለቅ ሕመም ነው፤ ይጠነክራል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይመለሳል። ይህን ጠባዩን ልብ ይበሉ፤ ቁርጠት ያልሆነውን የሆድ ሕመም ለመለየት ኋላ ይጠቅመናል።

ጡንቻው እንዲኮማተር የሚያደርገው ከነርቭ ጫፍ የሚመነጭ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ነው። ቡስኮፓን፣ በመድኃኒት ስሙ ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ፣ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ጡንቻው ይላላል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። አንጀቱን ያስቆጣው ነገር ግን እንዳለ ነው። ፍሬው ተሕዋስ አይገድልም፣ የጨጓራ ቁስል አያድንም፣ በተቅማጥ የወጣውን ውሃ አይተካም። ሕመሙ ስለቀነሰ ብቻ «ዳንኩ» ብሎ ወደ ፀሐዩ መመለስ የብዙ ችግር መነሻ ነው።

የመድኃኒቱ ዘር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው ጡሩምባ የመሰለ ነጭ አበባ አብቦ፣ እሾሃም ፍሬ አፍርቶ የምናየው አስተናግር፣ ዕፀ ፋርስም የሚባለው፣ አትሮፒንና ሃዮሲን በውስጡ አሉ። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይፈዛል፤ ከዚያም ይቀባዥራል። መድኃኒት አምራቾች ሃዮሲንን በብዛት የሚያወጡት የአስተናግር ዘመድ ከሆነው፣ ዱቦይሲያ ከሚባለው የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል ነው። ቦሪንገር ኢንግልሃይም የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቡስኮፓንን ለገበያ ሲያቀርብ የሠራው ቁም ነገር፣ ሃዮሲኑን በኬሚስትሪ ለውጦ ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይገባ ማድረጉ ነው። በዚህም የተነሣ ሰውን አያቀባዥርም። በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ቀርቶ እዚያው ይሠራል። አስተናግሩን ራሱን ለሆድ ሕመም ቀቅሎ መጠጣት ግን ይህ ሁሉ ለውጥ ያልተደረገበትን መርዝ፣ ያውም ልኩ በማይታወቅ መጠን፣ መውሰድ ነው።

ወደ አንጎል አለመግባቱ አንድ ሌላ ነገርም ያስረዳናል። ቡስኮፓን የማቅለሽለሽ መድኃኒት አይደለም። የማስመለስን ስሜት በዋናነት የሚመራው አንጎል ነው፤ ቡስኮፓን ደግሞ እዚያ አይደርስም። በመኪናና በመርከብ ጉዞ ለሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች የሚሰጥ ሃዮሲን አለ፤ እሱ ግን ሃይድሮብሮማይድ የሚባለው፣ ወደ አንጎል የሚገባው ዓይነት ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል። እርግጥ ማቅለሽለሹ ከቁርጠቱ ብርታት የመጣ ከሆነ፣ ቁርጠቱ ሲበርድ እሱም ይበርዳል። ቁርጠቱ ጠፍቶ ማቅለሽለሹ ከቀጠለ ግን ሌላ ፍሬ መድገም አይረዳም።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ፕላሲል ጨምርልኝ» የሚል ብዙ ነው። ፕላሲል ሜቶክሎፕራማይድ ነው፤ ጨጓራንና የላይኛውን አንጀት አነቃቅቶ ወደ ታች እንዲገፉ ያደርጋል። ቡስኮፓን ደግሞ ያንኑ እንቅስቃሴ ያዘገያል። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ሰው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲቀንስ አድርጓል ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ስጋትም አለ። ፕላሲል በልጆችና በወጣቶች ላይ የአንገት፣ የመንጋጋና የዓይን ጡንቻ በድንገት እንዲጣመም ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ያየ ቤተሰብ የሚጥል በሽታ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ጠበል ይዞት ይሮጣል። ሆስፒታል ቢደርስ በመርፌ ቶሎ የሚመለስ ነገር ነው። ለአዋቂም ቢሆን ፕላሲል ከ5 ቀን በላይ የሚወሰድ መድኃኒት ስላልሆነ፣ በእኔ ግምት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በኪስ ይዞ መዞር አያስፈልግም። ለቀላል ማቅለሽለሽ ትንሽ ትንሽ መጎንጨት፣ ከጠንካራ ሽታና ከቅባት መራቅ፣ ቀጠን ያለ የዝንጅብል ሻይ መጠጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ወደ አወሳሰዱ እንምጣ። በብዛት የሚሸጠው ባለ 10 ሚሊግራም ፍሬ ነው። ለአዋቂ የተለመደው በአንድ ጊዜ 1 ወይም 2 ፍሬ፣ ቢበዛ በቀን 4 ጊዜ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 1 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፍሬው አይሰጥም። ሳይሰበርና ሳይታኘክ በውሃ ይዋጣል፤ ከምግብ በፊትም በኋላም ይሆናል። እንደ አንቲባዮቲክ የግድ የሚጨረስ አይደለም፤ ቁርጠቱ ካቆመ መድኃኒቱም ይቆማል። በ2 ቀን ውስጥ ካልተሻለ ወይም በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ መመርመር ያስፈልጋል፤ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ወይም የሐሞት ጠጠር በቡስኮፓን እየተሸፈኑ ወራት ሊቆዩ ይችላሉና።

አሁን የድሬን ጉዳይ እናንሣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚሆኑ ቀኖች ብዙ ናቸው። ሰውነት በዚህ ሙቀት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። ላብ አመንጪ ዕጢዎች ደግሞ የሚታዘዙት ቅድም በጠቀስነው በአሴቲልኮሊን ነው። አንጀትን የሚያላላው መድኃኒት ላብንም ሊቀንስ የሚችለው ለዚህ ነው። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ 1 ፍሬ ቢውጥ ይህ ጣጣ እምብዛም አይታይበትም፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው ብለናልና። መድኃኒቱ በመርፌ ሲሰጥ፣ ከልክ በላይ ሲወሰድ፣ ከሌሎች ተመሳሳይ መድኃኒቶች ጋር ሲደራረብ፣ ወይም የወሰደው ሰው ሽማግሌ፣ ሕፃን ወይም ቀኑን ሙሉ ጭነት የሚያወርድ ሠራተኛ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ቆዳው ደርቆ የጋለ፣ ራሱን የሚያመው፣ ንግግሩ የሚወላገድ ሰው ሙቀት ገብቶበታል። ጥላ ውስጥ አስተኝቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ በውሃ እያራሱና እያራገቡ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ቢያንስ የቀትሩን ሰዓት ጥላ ውስጥ ቢያሳልፍ መልካም ነው። ድሬ ከምሳ በኋላ የማረፍ ልማድ ስላላት ይህ ከባድ ምክር አይመስለኝም።

ቁርጠቱ ከተቅማጥና ከትውከት ጋር ከሆነ ቡስኮፓን ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል። መጀመሪያ የሚመለሰው ውሃና ጨው ነው። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በልኩ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ፓኬቱን በግማሽ ሊትር መበጥበጥ «እንዲጠነክር» አያደርገውም፤ ጨው ያበዛበታል፣ ለሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። የጠጣው ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ጠንካራ ውሃ ነው፤ ይህ ለኦ.አር.ኤስ. አያሰጋም። የሚያሰጋው ብክለት ስለሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ማከም ነው። ለስላሳ መጠጥ ኦ.አር.ኤስ.ን አይተካም፤ ስኳሩ በዝቶ ጨዉ ስለሚያንስ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል። ከ6 ወር በላይ የሆነ ሕፃን በተጨማሪ 20 ሚሊግራም ዚንክ በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ቀን ይሰጠዋል። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ አንጀትን የሚያዘገይ መድኃኒት አይወሰድ፤ ሊወጣ የሚገባው ነገር ውስጥ ይቆያል። የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ ከመጣ ደግሞ ኦ.አር.ኤስ.ን እየጠጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሰውን ያደርቃልና።

ስለ ጫት ሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ መናገር ያፍራል፤ መናገሩ ግን ይጠቅመዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አንዳንዱን ወንድ ሽንት እንደልብ እንዳይወጣለት ያደርጋል። ከደም ግፊቱ በቀር እነዚህ የቡስኮፓንም የጎን ጉዳቶች ናቸው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ሆዱ ሲቆርጠው 2 ፍሬ የሚውጥ ሰው አንዱን ጣጣ በሌላው ላይ እየጨመረ ነው። ቁርጠቱ ራሱ በሆድ ድርቀት የመጣ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ድርቀቱን ያጠብቀዋል፤ ለጊዜው ሕመሙ ቀርቶ በማግስቱ ብሶ ይመጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሻለው በዚያ ቀን ጫቱን መተው፣ ውሃ በብዛት መጠጣትና ፓፓያ ወይም ሌላ ፍራፍሬ መብላት ነው።

የሚደራረቡ መድኃኒቶች ያልናቸውም አሉ። ለእንቅልፍና ለሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፣ ሁሉም በየበኩላቸው አሴቲልኮሊንን ይዘጋሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ሳይናገር ቡስኮፓን አይጨምር።

ጨርሶ ሊወስዱት የማይገባቸው ሰዎች አሉ። በግላኮማ፣ በተለይ የዓይን ግፊት በድንገት በሚጨምርበት ዓይነት፣ የሚታመም ሰው አይውሰደው፤ ፍሬውን ወስዶ ዓይኑ ቀልቶ ካመመውና ካልታየው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ፕሮስቴታቸው ያበጠ፣ ሽንታቸው እየቆራረጠ የሚወርድ አባቶች ጨርሶ ሊዘጋባቸው ይችላል። ልባቸው ያለ ምክንያት ፈጥኖ የሚመታ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መድከም በሽታ ያለባቸው፣ አንጀታቸው የተዘጋ ወይም ሥራ ያቆመ ሰዎችም እንዲሁ። «መርፌው ቶሎ ያድናል» እያሉ መርፌ መለመንም ደግ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የብሪታኒያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ የቡስኮፓን መርፌ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መርፌው የሆስፒታል ሥራ ነው።

አሁን ያ «ይዞ ይለቃል» ያልነው ጠባይ ያስፈልገናል። የማይለቅ፣ ከሰዓት ሰዓት እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም ቁርጠት ነው ብሎ መገመት አይገባም። እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ፣ ሲስሉ ወይም ሲራመዱ የሚብስ ከሆነ የትርፍ አንጀት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሆድ እንደ ጣውላ ከደረቀ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሆድ ተነፍቶ ጋዝም ሰገራም ካልወጣ፣ ወይም የወር አበባዋ የዘገየ ሴት በአንድ ጎን ድንገተኛ ሕመምና ማዞር ከያዛት፣ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል መሄድ እንጂ ፍሬ መዋጥ አያስፈልግም። ወገብን ይዞ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ከባድ ሕመም የኩላሊት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት አገር ውሃ በጥቂቱ የሚጠጣ ሰው ለዚህ ይጋለጣል።

ከሁሉ ይልቅ ድሬን የሚመለከተው ዴንጊ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ የዴንጊ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳምሟል፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሷል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነክሰው፣ በጀሪካንና በበርሜል ውሃ የምትፈለፈለው ትንኝ ናት። በዴንጊ አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ ከጀመረ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው መካከል፣ ብዙውን ጊዜም ትኩሳቱ በረድ ባለበት ሰዓት ነው። ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ሲል ከባድ የሆድ ሕመምና የማያቋርጥ ትውከት ከጀመረው ከደም ሥሮቹ ፈሳሽ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ድድ ወይም አፍንጫ መድማትና መድከም ሲጨመር ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህን ሕመም «ቁርጠት ነው» ብሎ በቡስኮፓን ማስታገስ ለሕክምና የሚሆነውን ሰዓት ያባክናል። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ሆዴን አመመኝ የሚልን ሰው ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ነበረህ ወይ ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ጥያቄ በፊት ቢመጣ ይሻላል። ዴንጊ በተጠረጠረ ጊዜ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፒሪን ደም ስለሚያፈሱ አይወሰዱም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ነው።

አይቡፕሮፌን ከተነሣ ዘንድ ስለ ወር አበባ ሕመም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሴቶች ለእሱም ቡስኮፓን ይገዛሉ። ያ ሕመም በአብዛኛው ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር ስለሚመጣ፣ ትኩሳትና የጨጓራ ቁስል የሌለባት ሴት ከምግብ በኋላ በምትወስደው አይቡፕሮፌን የተሻለ እፎይታ ታገኛለች። እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ሁለቱንም ከአዋላጇ ወይም ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር አትውሰድ። ለሆድ ቁርጠት የሚጠጣው ጤና አዳምም በእርግዝና ጊዜ ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል ይቅርባት። ለሚያለቅስ ሕፃንም የቁርጠት ጠብታ አይገዛ፤ ዳይሳይክሎሚን ያለባቸው ጠብታዎች ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ትንፋሽ ሊያውኩ ስለሚችሉ የተከለከሉ ናቸው።

የቀረው የሣጥኑ ነገር ነው። ቀፊራና አካባቢዋ ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በኩል የሚመጣ ዕቃ የማይጠፋባት ሰፈር ናት፤ በዚህ መንገድ የሚገባ መድኃኒት ደግሞ በፈረንሳይኛ ወይም በዓረብኛ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። «የቁርጠት» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ቡስኮፓን አይደለም። ስፓስፎን የሚባለው የፈረንሳይ ፍሬ ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ሌላ መድኃኒት ነው። ሊብራክስ ውስጥ ልማድ ሊሆን የሚችል የማረጋጊያ መድኃኒት አለበት። ቡስኮፓን ፕላስ በእያንዳንዱ ፍሬ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ይዟል፤ እሱን እየወሰዱ ለራስ ምታት ሌላ ፓራሲታሞል መጨመር በቀን ከ4 ግራም አሳልፎ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ኮምፖዚተም የተጻፈበት ደግሞ ሜታሚዞል አለበት፤ እሱ አልፎ አልፎ የነጭ የደም ሴሎችን ቁጥር አደገኛ በሆነ ሁኔታ ስለሚቀንስ በብዙ አገሮች ታግዷል። ሲገዙ ከትልቁ የንግድ ስም ሥር በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒት ስም ያንብቡ፤ ካልተነበበልዎ ፋርማሲስቱን «ውስጡ ምን አለ?» ብለው ያስነብቡት። በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ የሚሸጥ ስምም የማብቂያ ቀንም ስለሌለው አይግዙ። ሣጥኑ ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚለውም ድሬ ውስጥ ቀላል አይደለምና፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ ወይም ከመኪና ኪስ ይልቅ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከማሸጊያው ሳይወጣ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ይቀመጥ።